ጸጋና አራተኛው ምዕራፍ

ጸጋ የሚለውን ቃል እኛ ተማሪዎች ሳናስበው እንናገረዋለን። ድምፁ ያማረ ዘማሪ ሲገጥመን «ጸጋ አለው» እንላለን፤ አንዴ አንብቦ የሚገባውን ጓደኛችንንም እንደዚያው። ነገሩስ ልክ ነው፤ ጸጋ ያልለፉበት፣ ያልከፈሉበት ስጦታ ነውና። ጥያቄው ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ በነፃ የተቀበልነውን ምን እናድርገው?

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ምዕራፍ 2 ላይ፣ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ቁጥር 8 እና 9 መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የሥራ ዋጋ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ ቁጥር 10 ደግሞ የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ መሆኑን። ብዙ ክርክር የሚነሣው አንዱን ይዘን ሌላውን ስንጥል ነው። መልካም ሥራ ስጦታውን የምንገዛበት ብር ሳይሆን ስጦታው የሚያፈራው ፍሬ ነው።

ይህን አጥርቶ ያስተማረን አብሮን የሚኖር ዓይነ ስውር ወንድማችን ነው። ሦስት ሆነን በየማታው በተራ እናነብለታለን። ዛሬ ስልክ የታተመ ጽሑፍን ማንበብ ቢችልም፣ በእጅ የተገለበጠ ማስታወሻና የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ሲመጣ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን ሠንጠረዥን በቃል ማስረዳት፣ ያልተሰማውን ሳያጉረመርሙ መድገም፣ በተባለው ሰዓት መገኘት አለ። የፈተና ሳምንት ሲደርስ ደግሞ የራስ ደብተር እዚያው ተዘግቶ ይጠብቃል።

«ኧረ ተዉ! ነጥባችሁን ማን ይሞላላችኋል?» ያለን ጓደኛ አለ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የመባረር ስጋት እውነት ነው። ሌላው ደግሞ በራፉ ላይ ቆሞ «በርቱ፣ ጽድቅ ነው!» ብሎ ሊያልፍ ሲል ወንድማችን መለሰለት፤ «ጽድቅ ሊሸምቱብኝ ከሆነ ይቅርብኝ። ወዳጆቼ ከሆኑ ግን አራተኛውን ምዕራፍ ይቀጥሉ።» ሳቅን፤ ቀጠልንም። ቃሉ ግን ከልባችን አልጠፋም።

እውነቱን እኮ ነው። ለዋጋ ብሎ የሚያገለግል ሰው የተቸገረውን መሰላል ያደርገዋል፤ ምስጋና የዘገየ ዕለትም ይቆጣል። በነፃ እንደተቀበለ የሚያውቅ ግን የሚቆጥረው ሂሳብ የለውም። ደግሞስ ሰጪው ማን ነው? እኛ በዓይናችን ያለፍነውን ሐሳብ «ቆይ፣ ለምን?» ብሎ የሚያስቆመን፣ ያነበብነውንም መልሶ የሚያስረዳን እሱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እስጢፋኖስና ባልንጀሮቹ የተመረጡት መበለቶች በዕለታዊው እርዳታ እንዳይረሱ ነበር። ማዕድ ማደል ነው ተብሎ አልተናቀም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰዎች ተፈለጉለት። ከግሪክ የመጣው «ዲያቆን» የሚለው ቃልም ትርጉሙ አገልጋይ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን። ያ ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በቀሩት ቀናት የሚታጠበው እግር ግን በየዶርማችን አለ።

እንግዲህ ጸጋ ተቀብያለሁ የሚል ሁሉ ትልቅ አገልግሎት እስኪመጣለት አይጠብቅ። ለታመመ ጎረቤት ምሳው ይምጣለት፤ ለግቢው አዲስ የሆነ ተማሪ መንገድ ይመራ፤ ማስታወሻ ያጣ ይዋስ። ለዓይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በሳምንት አንዲት ሰዓት ብዙ ነገር ናት። የፈተና ሰሞን አንባቢ ይጠፋልና፣ የምትችሉ ከአሁኑ ቃል ግቡላቸው።