የቀትሩ ባቡር

ባለፈው የጥር ዕረፍት ልጄ አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም በኮምፒውተር ከፍቶ «አባባ፣ አብረን እንይ» ቢለኝ እያመነታሁ ተቀመጥሁ። በተማሪነቴ ዘመን በደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤቶች ያየሁት የካውቦይ ፊልም ሁሉ፣ ሽጉጥ ፈጥኖ የመዘዘ ጻድቅ የሚባልበት ነበርና።

ይህኛው ግን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የወጣው «ሃይ ኑን»፣ ትርጓሜውም «ቀትር»፣ የፍሬድ ዚነማን ሥራ ነው። ጋሪ ኩፐር የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ ሆኖ ይታያል። በሠርጉ ዕለት፣ ቀድሞ ለፍርድ ያቀረበው ወንበዴ ተፈትቶ በስድስት ሰዓት ባቡር ሊበቀለው እንደሚመጣ ይሰማል፤ ሦስት ግብረ አበሮችም ከጣቢያው ይጠብቃሉ። ረዳት ፍለጋ በየደጁ ይዞራል። ዕለቱ እሑድ ነውና ከቤተ ክርስቲያንም ይገባል። ስብከቱ ይቋረጣል፤ ልጆች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በመጀመሪያ ጥቂቶች ሊከተሉት ይነሣሉ፤ ክርክሩ ሲረዝም ግን የተነሡትም ይቀመጣሉ። አንዱ ትልቅ ሰው ውለታውን አመስግኖ ሲያበቃ ከተማውን ለቆ ቢሄድ ይሻላል ይላል። ካህኑም የሚናገረው ይጠፋዋል።

የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ካርል ፎርማን በ1951 ከአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የኮሚኒስት ባልንጀሮቹን ስም አልሰጥም በማለቱ በሆሊውድ ሥራ ተነፍጎ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዷል። የተቀመጡት ሰዎች ከየት እንደመጡ ከዚህ ይታወቃል። ጆን ዌይን ግን ፊልሙን አጥብቆ ነቅፎት፣ በ1959 ከሃዋርድ ሆክስ ጋር «ሪዮ ብራቮ»ን እንደ መልስ አድርጎ ሠራ።

በመጨረሻ ለኩፐር የቆመችለት መግደልን በሃይማኖትዋ የምትጠላ ሙሽራው ናት፤ እርስዋም ትተኩሳለች። ይህን ዛሬም ልቀበለው አልቻልሁም። ስለዚህ፣ በእኛ አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌና ካህን መስቀል ይዘው ከመካከል ይገባሉ እያልሁ ለልጄ በኩራት ማስረዳት ጀመርሁ። እርሱም አቋርጦኝ፣

«አባባ፣ እርስዎ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ቢኖሩ ይነሡ ነበር?» አለኝ።

ዲያቆን ሳለሁ በአጥቢያችን የአንዲት ባልቴት በሬ ተሰረቀ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ያየ ይናገር ተባለ። እኔ ሌሊት ለማኅሌት ስሄድ ሌባውን በጨረቃ አይቼው ነበር። ወገኑ የበዛ፣ ጠመንጃውም የታወቀ ሰው ስለ ነበረ መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልሁ። ባልቴቷም ጥማዳቸው ስለ ተሰበረ በክረምቱ ማሳቸውን የእኩል ሰጡ።

ይህንን ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ምሽት ለልጄ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣

«እርሳቸው አሁን በሕይወት አሉ?» ሲል ጠየቀኝ።