ወደ ጨንቻ ከመሄዴ በፊት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ባለፈው ክረምት ወደ ጨንቻ ስላደረግነው የአገልግሎት ጉዞ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። ስለ ሥራው፣ ማለት ስለ ጭቃው ምርጊትና ስለ ሕፃናቱ ትምህርት፣ አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ከኔ አሳምሮ ሊተርክ ስለሚችል ያንን ለእሱ ትቼለታለሁ። እኔ ልጽፍ የፈለግሁት ከመነሣታችን በፊት ስለ ነበረው ሰሞን ነው። በውነቱ ለኔ የከበደኝ መንገድ ከሽሮ ሜዳ አላለፈም፤ እሱም ከቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ዐሥራ አራት ወጣቶች መርጦ ለክረምት አገልግሎት ወደ ገጠር ሊልክ አሰበ። የታሰበውም ስፍራ በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ወደ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጨንቻ አካባቢ ያለ አንድ አጥቢያ ነበር። እዚያ ለሁለት ሳምንት ሕፃናቱን ፊደልና ሒሳብ፣ መዝሙርም እናስተምራለን፤ የዘመመውን የአዳራሽ ግድግዳም አቅንተን እንመርጋለን። ስሜ ከተመረጡት መካከል ሲጠራ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ማታ ለእናቴ ስነግራት ግን «አገሩ ብርድ ነው አሉ፤ ወፍራም ልብስ ያስፈልግሃል» አለችኝ እንጂ የጠበቅሁትን ያህል አላደነቀችኝም።

መነሻችን ሐምሌ 8 ቀን ስለ ሆነ መሪያችን ጾመ ሐዋርያትን የመሰናዶ ጊዜ አደረገልን። እንደሚታወቀው ይህ ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሐምሌ 5 ቀን የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል እስኪደርስ ይጾማል፤ ፋሲካ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚል የጾሙ ርዝመት በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 2 ቀን ሰኞ ገብቶ 33 ቀን ሆነ። ብዙ ሰው «የቄስ ጾም ነው» እያለ ይተወዋል፤ ለኛ ግን ለኛው ተብሎ የተሠራ መሰለን። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ፣ ወንጌልን ለማስተማር በየአገሩ ከመበተናቸው በፊት የጾሙት ነውና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ደግሞ የአንጾኪያ ምእመናን በርናባስንና ሳውልን ከመላካቸው በፊት እንደ ጾሙና እንደ ጸለዩ፣ እጃቸውንም እንደ ጫኑባቸው ተጽፏል።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በአዳራሹ እየተሰበሰብን እንጸልይና እንማር ነበር። የሐዋርያት ሥራ 28 ምዕራፍ ነውና በየቤታችን በቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ብናነብ ጾሙ ሳይፈታ እንጨርሰዋለን ተባለ። እኔ በዐሥራ ሁለት ቀን ጨረስሁት፤ መጨረሴንም ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ ነገርሁ። አንድ ቀን መሪያችን ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አስተማረን። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም የመጣው ገና በልጅነቱ ከመርከብ ተማርኮ ነው እንጂ ለመስበክ ተልኮ አልነበረም፤ ዓመታት በቤተ መንግሥት አገልግሎ፣ አገሩንና ሰዉን ከለመደ በኋላ ነው ወደ እስክንድርያ ወርዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበለው። ይህን ስሰማ እኔ ያሰብሁት ስለ ቋንቋ ብቻ ነበር። አስተርጓሚ አይጠፋም ብዬ ነገሩን ተውሁት።

ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምሁ። በተማሪ ቤትም ጓደኞቼ ምሳቸውን ሲፈቱ ከመካከላቸው ተነሥቼ፣ ሁሉ እያየኝ፣ ወደ ዛፉ ጥላ እሄድ ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ ታናሽ እኅቴ ድምፅ ካሰማች እቆጣታለሁ፤ ውሃ አቀብል ብባል ፊቴ ይጠቁራል። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ሽሮውን አቅርባልኝ ጥቂት ዝም አለችና «ልጄ፤ የምትጾመው ከእህል ነው ወይስ ከሰላምታ?» አለችኝ። እኔም መልስ ሳልሰጥ በላሁ። የጾም ምግብ እንደዚያ ቀን አንቆኝ አያውቅም።

ከጉዞው በፊት ሁላችንም ንስሐ ገብተን፣ ሐምሌ 7 ቀን በሥላሴ በዓል ቆርበን፣ በማግስቱ እንድንነሣ ተወስኖ ነበር። እኔም በሰኔ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ኃጢአቴን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ በጥሩ ጽሕፈት። እሳቸው ቀስ ብለው ከሰሙኝ በኋላ «ያስቀየምኸው ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባ።»

«ጉዞው ወዴት ነው ያልኸኝ?»

«ወደ ጋሞ፣ ወደ ጨንቻ ነው።»

«ደግ። እዚህ ሽሮ ሜዳ እኮ ያገሩ ሰው ሞልቷል። ማንን ታውቃለህ?»

ይህን ያሉት እንዲያው ጨዋታ ለመቀጠል ይመስለኛል። እኔ ግን ወረቀቱን በእጄ እንደ ያዝሁ ደነገጥሁ። አንድ ሰው አውቅ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ሳለን ከኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነበረ። አባቱ ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠሩ ናቸው። ልጁ በሒሳብ ከኔ ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን የፈተና ውጤት ሲነገር እሱ ቀደመኝ፤ ከመምህሩ መውጣት በኋላም በቀልድ አንድ ነገር ተናገረኝ፤ ምን እንዳለኝ ዛሬ አላስታውሰውም። የኔን መልስ ግን አስታውሳለሁ። ሸማኔ እግሩን ከጉድጓድ አውርዶ እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ብድግ ብዬ፣ አነጋገሩን እያስመሰልሁ፣ «አንተ ከጉድጓድ የወጣህ!» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ «ጉድጓዱ» ሆኖ ቀረ። እሱ ወንበር ለወጠ፤ በዓመቱም ወደ ማታ ትምህርት ተዛወረ። እኔ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ እንደ ሆነ እንጃ፣ ፈጽሞ ረሳሁት። በየእሑዱ ለብሼው የማስቀድስበት ነጠላ ከነዚያ ጉድጓዶች ባንዱ የተሠራ መሆኑም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉና «ይኸኛው ይቆይ፤ አስቀድመህ እሱን ልጅ ታረቅ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ ደርሼ ተመለስሁ። ከውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ብልጠት አሰብሁ፤ የእናቴን ያረጀ ነጠላ ይዤ «ጥለቱ ይታደስ እንደ ሆነ ልጠይቅ ነው» በሚል ሰበብ ገባሁ። አባትየው አላወቁኝም። «ግባ፣ ልጄ» ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። ልጃቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ነበር፤ ድሩ በፊቱ ተዘርግቶ፣ እጁ ከወዲያ ወዲህ ይወረውራል። ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። አባቱ ሻይ ለማዘዝ ሲወጡ ያጠናሁትን ንግግር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ፤ ስለ ጾሙም ስለ ጉዞውም ስለ ቁርባኑም ነገርሁት።

መወርወሪያውን አቆመ። «ታዲያ የመጣኸው ስለ መንገድህ ነው ወይስ ስለኔ?» አለኝ።

ዝም አልሁ።

«ያ ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እዚህ ሰፈር እንኳ የሚጠሩኝ አሉ። አንተ አውጥተህልኝ ሄድህ።»

እኔም ትምህርቱን በኔ ምክንያት ወደ ማታ እንዳዞረ ማወቄን፣ ለዚያም ማዘኔን ልነግረው ጀመርሁ። ሳያስጨርሰኝ ሳቀ። «ወደ ማታ የዞርሁት የአባቴ ዓይን ስለ ደከመ ነው፤ ቀን እኔ ልሥራ ብዬ። አንተ ይህን ያህል ትልቅ ሰው አይደለህም» አለኝ። አባትየው ሻዩን ይዘው ገቡ። ጠጥቼ፣ የነጠላውን ዋጋ ጠይቄ ወጣሁ።

ያን ሌሊት ተናድጄ አደርሁ ብል ውሸት አይሆንም። ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለግብኛል? ጠዋት ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። እሳቸውም ጺማቸውን እያሻሹ «ጥያቄውን መልሰህለታል?» አሉኝ። አልመለስሁም። «እንግዲያው ተመልሰህ ሂድ። አሁን ግን ይቅርታ አትጠይቅ፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ዓይነት ቀኖና ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምሁ። ስግደት ቢያዝዙኝ በወደድሁ፤ ስግደት እንደ ሆነ ይቆጠራል።

ሄጄ ተቀመጥሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላሳፈረኝ አባትየው ፈትል ማጠንጠን አስተማሩኝ፤ ክሩን ስንት ጊዜ እንደ በጠስሁባቸው አልቆጠርሁም። ልጁ መጀመሪያ አያናግረኝም ነበር። በኋላ «አታጥብቀው»፣ «ላላ አድርግ» ማለት ጀመረ። የማታ ክፍል የሒሳብ መጽሐፉን አውጥቶም አንድ ጥያቄ አሳየኝ፤ ሳልፈታው ቀረሁ፤ እሱ ፈታው። የጋሞ ሰው ሲገናኝ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ የነገረኝም እሱ ነው። አፌን ሲያጣምመኝ ሳቀ፤ እኔ በሱ አነጋገር እንደ ሳቅሁት ያለ ሳቅ ግን አልነበረም።

አንድ ምሽት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አባትየው ስለ አገራቸው አጫወቱን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ ኀዘኑ በሸማኔዎቹ ሰፈር ሁሉ ገብቶ ነበር። በዚያው ሰሞን በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም አባቶቻቸውን አልፈው መሄድ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ወሬው በመላ አገሪቱ ተሰምቷል፤ እኔም ያኔ ልጅ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ግን እንደ ትልቅ ነገር አድርገው አላወሩትም። «ሣር ከተያዘ ምን ይደረጋል?» ብለው ወደ ክራቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ በሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ደብተር አሰብሁ፤ ለጨንቻ ሕፃናት ስለ ይቅርታ የማስተምረውን ትምህርት በሦስት ገጽ ጽፌበት ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ሦስቱን ገጾች ቀደድኋቸው። ፊደሉንና ሒሳቡን ተውሁ።

ጾሙ ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን ተፈታ። እሑድ ስንብት ልል ሄድሁ። ልጁ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም አዲስ ጋቢ አውርዶ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። «አያቴ ከጨንቻ ወደ ዶርዜ ስትወርድ ካለው መንደር ናት። ስጥልኝ» አለኝ። የመንደሩንም ስም በወረቀት ጻፈልኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ማታውኑ ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥሁ።

«ይቅር አለህ?» አሉኝ።

«አላለኝም፣ አባ። ጋቢ ግን ሰጠኝ፤ ለአያቱ የሚደርስ።»

«ከባድ ነው?»

«ከባድ ነው።»

ፈገግ አሉ። «በል ነገ ማልደህ ና» አሉኝ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን፤ ዝናብ ነበር፤ ሁለት ጓደኞቻችን አስመለሳቸው። ጋቢውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ማሰር ስላልወደድሁ አዲስ አበባን ከለቀቅንበት ጊዜ ጀምሮ በጭኔ ላይ ይዤው ሄድሁ። ለራሴ የሚሆን ወፍራም ልብስ ሳልይዝ እንደ ቀረሁ የታወቀኝ የጨንቻ ጉም ሲቀበለኝ ነው። እናቴ ተናግራ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሥራ እንደ ፈታን ከአጥቢያው ዲያቆን ጋር ወደ መንደሩ ወረድን። አሮጊቷ ከቤታቸው ደጅ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። «ሳሮ» አልኋቸው፤ አጣምሜው መሆን አለበት፣ ሳቁ። ጋቢውን ፈትተው ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጠርዙንም ወደ ፊታቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ ዲያቆኑን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁት።

«የልጅ ልጄ ወዳጅ ነህ ወይ? ይሉሃል» አለኝ።

ሁለቱም ይጠብቁኝ ነበር።

«በአንድ ወንበር ላይ አብረን ተቀምጠን ተምረናል በላቸው» አልሁት።