አጠገቡ ተቀመጠ፦ ስለ በጎ ፈቃድ መምህርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆችና አንባብያን፣ ክረምት በቀረበ ቁጥር ከእናንተ ብዙዎቹ «ዕረፍቴን በምን ላሳልፍ? ወዴት ሄጄስ ላገልግል?» እያላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ገጠር ወርዳችሁ ልጆችን ለማስተማር ታስባላችሁ። አሳባችሁ መልካም ነው። እኔም በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክረምት በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቻለሁና፣ ከመነሣታችሁ በፊት ልታስቡበት የሚገባውን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ቦንጋ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ካፋ ቡና በዱር የሚበቅልበት፣ ማሩ የታወቀ፣ እንሰቱ በየጓሮው የቆመ ምድር ነው። ደኑን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። መንገደኛ ሰው የሚያየው ይህን ልምላሜ ነው። መምህር ሆኖ የሚሄድ ግን ከመንገድ የማይታይ ሌላ ነገር ያገኛል።

ያስተማርኳቸው ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት ካፊኖኖ ነው። በትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚማሩትም በዚሁ ቋንቋ ሲሆን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን በግእዝ ፊደል ይማራሉ። ከፍ ሲሉ የሒሳቡም የሳይንሱም መጽሐፍ እንግሊዝኛ ይሆናል። አንዱ የላቲን ፊደል በካፊኖኖ አንድ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ አለው። እንግዲህ አስቡት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በሦስት ቋንቋና በሁለት ዓይነት ፊደል መካከል በየቀኑ ይመላለሳል። እኛ በአንድ ቋንቋ አፋችንን ፈትተን በዚያው ፊደል የቆጠርን ሰዎች ይህ ድካም በቀላሉ አይታየንም።

በክፍሌ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ስለ ቡና ኪሎና ስለ ዋጋው የሚጠይቅ ነበር። ስጠይቃት አቀረቀረች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ጥያቄውን በካፊኖኖ ሹክ አላት። ጠመኔውን ከእጄ ሳላስቀምጥ መልሱን ነገረችኝ፤ ትክክል ነበር። ከእናቷ ጋር ገበያ ስትወጣ ከዚያ የከበደ ሒሳብ ትሠራለችና። የጎደላት ዕውቀት አልነበረም፤ ወደ ጥያቄው የሚያስገባት በር ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአገራችን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ አልጭንም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስበው፣ አንዳንዱ ልጅ የወደቀው በ12ኛ ክፍል ሳይሆን የጥያቄውን ቃል ማንበብ ባቃተውና ማንም ባልጠየቀው በዚያ ቀን እንደሆነ ተረዳሁ።

በትምህርት ቤቱ ለዓመታት ያገለገሉ አንድ የአካባቢው መምህር ነበሩ፤ መንገዱን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። «መምህር፣ ጥያቄውን አንተ አንብበው፤ እነርሱ በቋንቋቸው ይንገሩህ፤ ከዚያ ወደ ሥሌቱ ግቡ» አሉኝ። እንዲሁ አደረግን። ልጆቹ አስቸጋሪ የሆነባቸውን ቃል ሁሉ በሦስቱም ቋንቋ በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመሩ። እጅ ጽሕፈቷ ያማረ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ገጾች የጻፈችው ያች ዝምተኛ ልጅ ናት። እኔም ከእነርሱ ካፊኖኖ እማር ነበር፤ ስሳሳት ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን የራሳቸውን ስሕተት አይፈሩም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የቅዱስ ፊልጶስንና የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ የራሱን ትምህርት ከላይ አላወረደበትም። አስቀድሞ ሰውየው የሚያነበውን ሰማ፤ ቀጥሎ ይረዳው እንደሆነ ጠየቀው፤ ሲጋበዝም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትምህርቱንም ሰውየው ከያዘው ቃል ጀመረ። መስማት፣ መጠየቅ፣ አጠገብ መቀመጥ፣ ተማሪው ካለበት መጀመር፤ ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ሥርዓት አላውቅም።

ይህን በአገራችን የፈጸሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ቨርጊስ የተባለ ወጣት ከደቡብ ህንድ መጥቶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነ። እርሱ የእኅት ቤተ ክርስቲያናችን የህንድ ኦርቶዶክስ ልጅ ነው፤ ኋላም ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብሎ የዴልሂ ሜትሮፖሊታን ሆኗል። በእርግጥ በደመወዝ የተቀጠረ መምህር ነበር፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ሊኖር ሲችል አማርኛን አጥንቶ የተማሪዎቹን ቋንቋ የራሱ አደረገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሕዝቡን በ15 ቋንቋዎች ለማስተማር የተነሣ ሲሆን፣ የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ስለ ዘመኑ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ሰውን በአፍ መፍቻው የማስተማሩ አሳብ ግን ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ እርሱም መሄድ ነው። በጎ ፈቃደኛ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጆቹ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው አንድ ነገር በካፊኖኖ ጠየቁኝ፤ ርዕሰ መምህሩም «መቼ ነው የሚሄደው? ነው የሚሉህ» ብለው ተረጎሙልኝ። ጥያቄው ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለልጃቸው ልብ የሚጠነቀቅ የእናት ጥያቄ ነበር። በማግሥቱ የምሄድበትን ቀን በሰሌዳው ጥግ ጻፍኩት፤ በየሳምንቱም የቀረውን አብረን ቆጠርን። እመለሳለሁ ብዬ አልማልኩላቸውም። ከጌታችን እንደተማርነው ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ሊሆን ይገባልና።

በሁለተኛው ክረምት እግዚአብሔር ፈቅዶ ተመለስኩ። ደብተሩ አለ። የ8ኛ ክፍል ልጆች ይዘውት ለ6ኛ ክፍሎቹ ያስረዳሉ፤ እኔ የማላውቃቸው ቃላትም ተጨምረውበታል። ያችን ዝምተኛ ልጅ ግን አላገኘኋትም። ቤተሰቧ ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል አሉኝ፤ ትምህርቷን ቀጥላ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጬ ጽሕፈቷን ሳየው ልቤ አዘነ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ስለዚህ ለማስተማር ስትነሡ እነዚህን አትርሱ። የምትቆዩበትን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። የአካባቢውን መምህር ከእናንተ ጋር ክፍል አስገቡ፤ ስትሄዱ የሚቀረው እርሱ ነውና። ከቋንቋቸው ጥቂትም ቢሆን ተማሩ። ከልጆቹ ጋር የምትነሡትን ፎቶግራፍ ሳይሆን ትታችሁላቸው የምትሄዱትን ነገር አስቡ። ፍሬውን ለማየትም አትቸኩሉ። ፊልጶስ ከጃንደረባው ጋር የነበረው ለአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጃንደረባው መምህሩን ዳግመኛ አላየውም። መጽሐፍ ግን ስለ ማዘኑ አይነግረንም፤ ደስ ብሎት ወደ አገሩ መንገዱን እንደቀጠለ ይነግረናል እንጂ። እኛም የተማሪዎቻችንን መንገድ ለሚያውቀው አምላክ አደራ ሰጥተን እንመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።