እንጦጦ ላይ ቀለበት ይዞ ለሚወጣ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ከእኔ ጋር ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ የወንድሜ ጓደኞች፣ የእሷ የሥራ ባልደረቦች፣ አንድ ካሜራማን፣ ሳቋን መቆጣጠር ያቃታት የአክስታችን ልጅም። ታናሽ ወንድሜ ለሦስት ዓመት አብራው የቆየችውን ልጅ «ትንሽ አየር እንቀበል» ብሎ ይዟት ወጥቷል። መሬቱ ላይ የጽጌረዳ አበባ በትነናል፤ ነፋሱ ግን ግማሹን ቀድሞ ወስዶታል። ተንበረከከ፣ ጠየቀ፣ እኛም እልል እያልን ወጣን። እሷ ዙሪያዋን አየች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ቀለበቱ ገባ። ፎቶው እስከ ዛሬ ያምራል።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ የተባባሉትን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። «አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችው፤ «በሰው አስከብበህ ነው እሺ ያስባልከኝ።» ቀለበቱንም አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ይህን የማጫውትዎ ላስፈራራዎ አይደለም። ምናልባት ጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ምናልባትም ወንድምዎ ወይም ልጅዎ «እስቲ እርዱኝ» ብሎዎት ቦታ እየመረጡ ይሆናል። ቦታውን አልተሳሳትንም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከቤት ውጭ «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ለመጠየቅ ከእንጦጦ የተሻለ ቅርብ ቦታ አላውቅም። የተሳሳትነው ሌላውን ሁሉ ነው።

ለምን እንጦጦ?

ከስድስት ኪሎ ተነሥተው፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፈው፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ዳገቱን ሲይዙ ከተማው ቀስ በቀስ ከኋላዎ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች የሚመርጡትም አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ከላይ ሆነው ወደ ደቡብ ሲመለከቱ መላው አዲስ አበባ እግርዎ ሥር ይዘረጋል። ሰማዩ በጠራ ቀን በስተምሥራቅ የረርን፣ ራቅ ብሎ ዝቋላን፣ በስተምዕራብ ወጨጫን ያያሉ። ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የሚኖሩበትን ሰፈር በጣት እያሳዩ የሚጨቃጨቁበት ቦታ ነው። «ያ የእናንተ ቤት ነው፤» «አይደለም፣ ያ እኮ ፋብሪካ ነው» እያሉ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ለትልቅ ጥያቄ እንዲህ ያለ የትንሽ ወሬ መንደርደሪያ ጥሩ ነው።

ታሪኩም ለጉዳዩ ይስማማል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን እዚሁ ተራራ ላይ አድርገው ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ግን ብርዱ ከባድ ነበር፣ ማገዶውም አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከታች የፍልውኃን አካባቢ ወደዱት፤ እዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. የተመሠረተችውን ከተማም አዲስ አበባ አሏት። ከላይ ሆነው የሚያዩት ይህ ሁሉ ጣሪያ የተጀመረው አንዲት ሴት «እዚህ ብንኖርስ?» ብላ ስለጠየቀች፣ ባለቤቷም ስለሰማት ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ አመጣጡ ከአውስትራሊያ ሲሆን፣ የተተከለው የማገዶውን ችግር ለማቃለል ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ የእግር መንገዶች፣ መቀመጫዎችና ካፌዎች አሉ። ምቾት ለሚፈልግ ፓርኩ ይሻላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰው ይበዛበታል። የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሄዱ ጫካው ለብቻዎ የተሰጠ ያህል ይሆናል።

ወሩና ሰዓቱ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ አይሞክሩት። ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ጉሙም ተራራውን ይሸፍነዋል፤ እንኳን ዝቋላ ሽሮ ሜዳም አይታይም። በመስከረም ማብቂያ አደይ አበባ ይኖራል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፣ ብርዱ ግን ይጠነክራል።

ወር በገባ በ21 ቀን የማርያም ዕለት ስለሆነ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ለመሳለም ካልሆነ በቀር ሌላ ቀን ይምረጡ። በማንኛውም ቀን ቢሆን ለጠበል የመጡ ሕመምተኞች በአካባቢው አሉና ሙዚቃ ከፍቶ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር መጨፈር አያምርም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የእኛ አገር ፀሐይ አትጠብቅም። በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዓይን መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ደርሰው፣ ጥቂት ተራምደው፣ 11 ሰዓት ላይ ተቀምጠው ቢገኙ መልካም ነው። ብርሃኑ ወርቃማ የሚሆነው ያኔ ነው። የፓርኩን መዝጊያ ሰዓት ቀድመው በሩ ላይ ይጠይቁ። ሲመሽ ጫካ ውስጥ መቆየት አይመከርም፤ ጅቡም የራሱ ፕሮግራም አለው።

ምን ይያዝ?

ከሁሉ በፊት ጋቢ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ስለሆነ በመንገድዎ ላይ ያገኙታል። አንድ ብቻ ይግዙ፤ ሁለት ሰው የሚለብሰው አንድ ጋቢ ብዙ ነገር ያቀላል። «ለእናቴ ነው» ካሏት ማንም አይጠረጥርም።

ትኩስ ሻይ በፔርሙስ፣ ቆሎ፣ ከተቻለም ድፎ ዳቦ። ኬክ ዳገቱን ሳይጨርስ ይፈርሳል። ሻማ ነፋሱ ያጠፋዋል፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ እሳት መለኮስ ደግሞ አደጋ ነው። አበባ ከያዙ የታሰረ ይሁን፤ የሚበተነውን እኛ ሞክረነዋል።

ቀለበቱ ዚፕ ባለው የውስጥ ኪስ ይግባ። ልኩን ከጓደኛዋ ወይም ከእህቷ በዘዴ ይጠይቁ። እንድታጌጥ ከፈለጉ ጓደኛዋን ተማምነው «ፎቶ እንነሣለን» ያስብሏት፤ ግን ባለተረከዝ ጫማ እንዳታደርግ። ድሮን የሚያስነሣ ሰው «እኔ አለሁ» ቢልዎት ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁት፤ ያለ ፈቃድ ማስነሣት ክልክል ነው።

ከልጆችም ጋር ይግባቡ። እንጦጦ ላይ ሁለት ሰው ቆም ሲል ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሕፃናት ይከባሉ። ቀድመው ቆሎውን ቢያካፍሏቸውና ቢያጫውቷቸው ይሻላል፤ ቆጣ ካሉ ግን ቁጥራቸው ይጨምራል። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል ለሚወርዱት እናቶችም መንገዱን ይልቀቁላቸው፤ ሳያስፈቅዱም ፎቶ አያንሷቸው።

ድብቁ ነገር ምን ይሁን?

አሁን ወደ ዋናው ጥፋታችን እንምጣ። እኛ ጥያቄውን ራሱን ደበቅነው። ወንድሜና እሷ የት እንደሚኖሩ፣ ልጅ መቼ እንደሚፈልጉ፣ የእሷን እናት ማን እንደሚጦር አንድም ቀን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም ነበር። እሷ ለእናቷ ብቸኛ ልጅ ናት። ያን ሁሉ ጭንቀት በውስጧ ይዛ ሳለ፣ አሥራ ሁለት ሰው ፊት በሦስት ሰከንድ መልስ እንድትሰጥ ጠየቅናት። «አይሆንም» ማለት የማይቻልበት ቦታ ላይ «እሺ» አለች።

እስቲ የራሳችንን ወግ ያስቡት። ሽማግሌ ሲላክ፣ የልጅቱ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺታውን አይሰጥም። ሽማግሌዎቹ በክብር ተቀብለው ይሰማሉ፤ «ዘመድ እናማክር፣ ልጅቱንም እንጠይቅ» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። ያ ቀጠሮ ለይስሙላ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ጊዜ መስጠት ራሱ አክብሮት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለጋብቻ የሁለቱንም ነፃና ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል። ለወላጆቿ የምንሰጠውን ጊዜ ለእሷ ለራሷ መንፈግ ምን ይሉታል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ድብቁ ነገር ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይሁን። ቁም ነገሩን ግን ከዚያ በፊት በቡናም በሻይም እያነሡ ይወያዩበት። እንጦጦ ከመውጣትዎ በፊት መልሷን በግምት የማያውቁት ከሆነ፣ ገና አልደረሰምና ጋቢውን ብቻ ይዘው ለሽርሽር ይውጡ። ሰው መጋበዝ ካማረዎ ደግሞ ቤት ያስቀምጧቸው። እሺ ካለች ማታ እራት ላይ ይደርሳሉ፤ ካላለችም ያው ራት በልተው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ጉዞ

ወንድሜ ለሦስት ሳምንት ሳይተኛ ከረመ። ከዚያ ደወለላት፤ «እንጦጦ እንውጣ፤ ማንም የለም፤ ቀለበትም አልያዝኩም» አላት። ወጡ። በመንገድ ጋቢ ገዙ። ያን ቀን የተነጋገሩት ስለ እናቷ ነው። እሷ «ከእሷ ርቄ አልኖርም» አለች፤ እሱ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ከተማው ዳር ነው። የከተማውን ካርታ ከላይ ሆነው እያዩ፣ ከእናቷ ሰፈር እስከ እሱ ቤት ያለውን መንገድ በጣት ለኩት። በመጨረሻ ኮንዶሚኒየሙን አከራይተው እናቷ አጠገብ ቤት ለመከራየት ተስማሙ። ጠባቂው ፊሽካ ነፍቶ እስኪያስነሣቸው ድረስ አልጨረሱም ነበር።

ከመነሣታቸው በፊት ጠየቃት፤ ሳይንበረከክ፣ ጋቢው ውስጥ ሆኖ። «እሑድ እነግርሃለሁ» አለችው። ሰኞ፣ ማክሰኞ... እኔ እንኳ እንቅልፍ አጣሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደውላ ቀለበቱን ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። በጥር ሦስት ሽማግሌዎች ተላኩ፤ እነሱም የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጣቸው።

የዚያ ቀን ፎቶ የለም። ጋቢው ግን አዲሱ ቤታቸው ሶፋ ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ብርድ ሲሆን እናቷ ይለብሱታል።

እርስዎም ሲወጡ መውረጃውን አብረው ያቅዱ። ሽሮ ሜዳ ላይ ቆም ብላችሁ ትኩስ ነገር የምትጠጡበት ቤት ቀድመው ይዩ። መልሷ እሺም ይሁን «ቆይ ላስብበት»፣ ቁልቁለቱን የምትወርዱት አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ነው።