የማን ዜማ ነው?

ባለፈው ዐቢይ ጾም ገርጂ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ምድር ቤት ሰባት ሐሙስ ተጫወትን። «ተጫወትን» ስንል አንባቢ ትልቅ ነገር እንዳይመስለው። አንድ ክራር፣ አንድ የተዋስነው ኪቦርድ፣ አንድ ባስ ጊታር፣ አንድ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት ነን፤ ድምፃዊቷም ብትሆን በእነዚያ ሐሙሶች አልዘፈነችም፤ ምክንያቱን ኋላ እንነግራችኋለን። በመጀመሪያው ሐሙስ የመጣው ሰው አሥራ አንድ ነበር። ከእነሱም አራቱ ከስድስት ኪሎ ጎትተን የወሰድናቸው የዶርም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ዝናቡ እስኪያባራ የተጠለሉ ናቸው።

በባቲ የሠራናትን አንዲት ዜማ ጨርሰን ላባችንን ስንጠርግ አስተናጋጁ ውሃ ይዞልን መጣ።

«ቆንጆ ናት። የማን ናት?» አለን።

«የኛ።»

«እሱማ እናንተ ተጫወታችኋት፤ ዜማው የማን ነው ነው የምላችሁ?»

«እኛው ነን የሠራናት።»

«ኧረ ባካችሁ!» ብሎ ሳቀና ትሪውን አንሥቶ ሄደ። እስከ ሰባተኛው ሐሙስ ድረስ አላመነንም።

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የራሱን ሙዚቃ በራሱ አቅም የሚሠራው ወጣት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጻፉ ሲሉን፣ መጀመሪያ ትዝ ያለን ይኸው የአስተናጋጁ ጥያቄ ነው። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሽሮ ሲጨምርልን ማንንም አያስፈቅድም ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ ሰው ፊት የሚቀርብ ዜማ ሁሉ አስቀድሞ የአንድ ስመ ጥር ሰው መሆን አለበት ብሎ ያምናል፤ ሥራው ያስተማረው ይህንኑ ነውና።

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ሀያ ሁለት፣ ከኢምፔሪያል እስከ ሲ.ኤም.ሲ. በማታ የዞረ ሰው ይፍረደን። ሙዚቃ ጠፋ አይባልም። ላውንጁ አለ፣ ባሩ አለ፣ የባህል ምግብ ቤቱ አለ። የሚዘፈነው ግን የጥላሁን፣ የማሕሙድ፣ የአስቴር፣ የቴዲ አፍሮ ነው። ብዙ ጊዜም ባንዱ ባንድ አይደለም፤ አንድ ሰው ኪቦርድ ፊት ይቆምና ከበሮውንም፣ ባሱንም፣ ብራሱንም ከአንዲት ፍላሽ ያወጣዋል። እኛም እነዚህን ዘፈኖች እንወዳቸዋለን፣ ያደግነው በእነሱ ነው። ከመካከላችን ጥላሁንን የማይወድ ቢገኝ መሣሪያውን ቀምተን እናባርረው ነበር። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ጥላሁንም ቢሆን አንድ ቀን ማንም የማያውቀውን ዜማ ሰው ፊት ይዞ ቀርቧል፤ ለዚያ ዐይነቱ ቀን የሚሆን ቦታ ዛሬ የት ነው?

ቤት ለቤት እየዞርን የምግብ ቤት ባለቤቶችን ጠይቀናል። ሁሉም እንደ ተማከረ ሰው «ሰው የሚያውቀውን ተጫወቱ» ይሉናል። አንደኛው ትንሽ ቀረብ ብሎ፣ ያልታወቀ ዜማ ሰውን ዝም ያሰኘዋል፣ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ቢራ አያዝም ሲል አስረዳን። በቦሌ ኪራይ ለሚኖር ሰው ይህ ስሌት ነው፤ አንቀየመውም። የሚያስቀው ሌላ ነገር ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ፤ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሐሳቡ የሰው ዜማ ለንግድ ሲቀርብ ባለመብቱ ይፈቅድ ዘንድ፣ ይከፈለውም ዘንድ ነው። እኛ በቆምንባቸው ጥቂት መድረኮች ግን የባለመብትን ነገር ያነሣ ሰው አላየንም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ዜማ ሳይጠየቅ ይገባል፤ ፈቃድ የማያስፈልገው የራሳችን ግን በር ላይ ይጠየቃል።

ታዲያ እንዴት ገባችሁ ትሉን ይሆናል። በጾሙ ምክንያት ነው። በዐቢይ ጾም ብዙ ድምፃውያን ያርፋሉ፣ የምሽት ቤቶችም ጭር ይላሉ። ሐምሳ አምስት ቀን በመድረክ ለሚያድር ሰው ቀላል አይደለም። ለኛ ግን የአጥር ቀዳዳ ሆነልን። የገርጂው ባለቤት፣ «እንዲሁ ባዶ ከሚሆን ሐሙስ ሐሙስ ተጫወቱበት፤ ጭፈራና ዘፈን ግን አይሁን» አለን። ክፍያችን ለአምስት ሰው የጾም በያይነቱና የታክሲ ነበር።

ፈተናው ከቤት መጣ። የድምፃዊታችን እናት ነገሩን ሲሰሙ፣ «በጾም?» ብለው ዐይናቸውን አፈጠጡብን። ግጥም የሌለው ነገር ዘፈን አይባልም ብለን ተከራከርን፤ የፍልስፍና ትምህርታችን አንድ ቀን ይጠቅማል ያልነው ያኔ ነው። እትዬ አልተረቱም። «ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እንዳትሞክሯት!» ብለው ብቻ ለቀቁን። ሰባት ሐሙስ የሆነው ስለዚህ ነው፤ ድምፃዊታችንም ሰባቱንም ሐሙስ በር ላይ ተቀምጣ ሰው ስትቆጥር ከረመች። በስድስተኛው አርባ ሦስት ቆጠረች። ወንበር አልቆ የቆሙ ነበሩ።

ከየት መጡ? እኛንም የገረመን ይኸው ነው። ከጃክሮስ፣ ከሰሚት፣ ከአያት የመጡ፣ እንደኛው በየቤታቸው የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። አንዱ የእናቱን የቡና ሙቀጫ ድምፅ በስልኩ ቀድቶ በላፕቶፕ ምት አድርጎታል። ሲያሰማን መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን፣ ከዚያ ድገመው አልነው። አንዷ በእንጨት ሳጥን ላይ በቋንቋዋ ስትጫወት ሰማናት፤ ቃሉን ከመካከላችን ማንም አላወቀውም። እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር። አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ሁሉም ብቻውን ነኝ ብሎ በጆሮ ማዳመጫ ይሠራል።

የላፕቶፑ ሙዚቃ ከትናንት ወዲያ የተጀመረ አይደለም። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚጫወተው እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን ነገር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሺንግተን ባለ አንድ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ወጣ፤ «ዘላለም»ን በ2016 ያሳተመው ደግሞ የኒው ዮርክ ድርጅት ነው። በሸክላ! የአራዳ ልጅ የሚባል ሙዚቃ በሸክላ ታትሞ ባሕር ማዶ ሲሸጥ፣ በኛ ዶርም ሸክላ ማጫወቻ ያለው አንድ ሰው የለም። ኋላ ሮፍናን በ2018 በ«ነጸብራቅ» ኤሌክትሮኒኩን ለብዙ ሕዝብ አደረሰው፤ ስለ እሱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋልና እናልፈዋለን።

የማን ነው የሚለው ጥያቄ ዱሮም ነበረ። ያኔ መልሱ አጭር ነበር፤ የመንግሥት ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸው የመሥሪያ ቤቱ፣ ተጫዋቾቻቸውም ደመወዝተኞች ነበሩ። ሸክላ የማሳተሙና የማስገባቱም መብት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ይህ ሕግ ሳይሻር የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። ሸክላዎቹ በህንድና በሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አወጣ፤ በ1975 አገር ለቆ አሜሪካ ሄደ። ያረፈው በ2021 ነው። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን እያለ የሚሰማውና እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የወጣው ሙዚቃ አንዱ ምንጩ የዚያ ወጣት ድፍረት ነው።

ይህን ታሪክ ለገርጂው ባለቤት ነግረነዋል። «ሀብታም ነበር?» ብሎ ጠየቀን።

አምሃ የተጋፋው የተጻፈ ሕግ ነበር፤ ቢከሰስ የሚከስሰው ይታወቃል። እኛን ግን ማንም አልከለከለንም፤ ሄደን አቤት የምንልበት መሥሪያ ቤት የለም። ያለው ኪራይ ነው፣ ያለው «ሰው የሚያውቀው» ነው፣ ለአንዲት ነጠላ ዜማ ክሊፕ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው።

ለራሱ ዜማ ወለል የሰጡ ቤቶች ከቦሌ ወጣ ብለው ነበሩ፣ የእነሱንም ነገር ታውቃላችሁ። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ በ2007 ዓ.ም ጥር ላይ ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ካዛንቺስ የነበረው የተወዛዋዡ የመላኩ በላይ ፈንድቃ ደግሞ አዝማሪውንም፣ የጃዝ ተጫዋቹንም፣ ሠዓሊውንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖረ ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም ከዚያ ቦታ ተነሣ። ከመካከላችን ሁለቱ የመጀመሪያ ጊዜ ክራር በባስ ጊታር ታጅቦ የሰሙት እዚያ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ በዚያ ባለፍን ቁጥር በሩ የቱ ጋ እንደነበረ እንከራከራለን፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ወደ ገርጂ እንመለስ። ፋሲካ ሆነ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ባለቤቱ ደወለልን። «ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጾሙ ተፈታ» አለ። ሐሙሱን የታወቀ ድምፃዊ ይዞታል። ይሁንና የኛዋ ልጅ የአስቴርን ዘፈኖች የምትጫወት ከሆነ ማክሰኞን ሊሰጣት ይችላል፣ በደመወዝ።

ከመገናኛ አራት ኪሎ በታክሲ እየሄድን ተከራከርን። ሁለታችን ትሂድ፣ ሁለታችን አትሂድ አልን፤ ከባድ ቃልም ወጣ። «ሸቀጥ» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ ዛሬም እናውቃለን፣ ይቅርታም ተጠይቋል። እሷ መስኮቱን እያየች ዝም አለች። አራት ኪሎ ስንወርድ፣ «የቤት ኪራዩን እናንተ ትከፍላላችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ትዘፍናለች። አልተጣላንም፣ ሄደንም ሰምተናታል። ሰው ሞቅ ሲለውና ማን ምን እንደዘፈነ መጠየቅ ሲያቆም፣ ያቺን የባቲ ዜማችንን፣ በጾም የከለከልናትን ግጥም ጨምራ፣ በሁለት የአስቴር ዘፈኖች መካከል ታስገባታለች። ሰዉም ያጨበጭባል። አንድ ማክሰኞ ከአጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች የማን ናት ብለው ሲጠይቁ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፣ «የአስቴር የድሮ ናት፤ ካሴቱ ጠፍቷል» ሲል ሰማነው። ልናርመው አፋችንን ከፈትን፤ ከዚያ ተውነው። አንዱ እየሳቀ ነበር፣ አንዱ ግን ሒሳቡን ከፍሎ ቀድሞን ወጣ።

የቀረነው አራታችን እሑድ እሑድ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ከበሮ መቺያችን አክስት ቤት እንለማመዳለን። መስኮቱን በፍራሽ ደፍነናል፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን ሸፍነናል፤ ያም ሆኖ ይሰማል። ይህ ዐይነቱ አሠራር የከበሩ ሰዎችም ደርሶባቸዋል ብለን እንጽናናለን። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርዱን ከምት ማሽን ጋር ይዞ ብቻውን ያን ካሴት ሠራ፤ ከዚያ ዋሺንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን ባሕር ዳር ያገኘው አንድ አሜሪካዊ በ2013 እንደገና አሳተመውና ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ሃያ ስምንት ዓመት! ኪቦርዱን ያዋሰን ሰው ይህን ያህል አይታገሠንም።

ግንቦት ላይ ከሥር ፎቅ የሚኖሩ አንድ አባወራ ዐረፉ። ድንኳን ተጣለ፣ እኛም ከዕድሩ ጋር ወንበር ተሸከምን። ማንም ምንም ሳይለን መሣሪያውን ጠቅልለን አልጋ ሥር አስገባነው። እስከ አርባው ድረስ ገመድ አልሰካንም። ከአርባው በኋላ በነበረው እሑድ ባለቤታቸው፣ እማማ፣ ደረጃው ላይ አገኙን።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቤቱ ጭር አለብኝ እኮ።»

«ኧረ ኀዘን ላይ ነዎት ብለን ነው፣ እማማ።»

«እሱም ይሰማት ነበር፤ ኋላማ ያፏጫት ጀምሮ ነበር» አሉ።

የትኛዋን ነው የሚሉት ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ያቺን የናንተን ነዋ!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ።

ኪቦርዱን እስከ ወሩ መጨረሻ እንመልሳለን። ከአንባቢያን መካከል አሮጌም ቢሆን፣ ጥቂት ቁልፎቹ ባይሠሩም፣ ኪቦርድ ያለው ወይም ያለውን የሚያውቅ ቢኖር በአዘጋጆቹ በኩል ይንገረን፤ የታክሲውን እኛ እንችላለን። ለመስማት ብቻ መምጣት የሚፈልግም ይምጣ። እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።