ያልቆረጥኩት ወረቀት

አድሚን፣ ስሜን እንዳታወጡብኝ አደራ። ሁልጊዜ የናንተን እያነበብኩ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን እኔም ልጻፍ ብዬ ነው። ታሪኬ እንደ ብዙዎቻችሁ ከባድ አይደለም፣ ስለ ቴምብር ነው። አትሳቁ።

እዚህ ሊባኖስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አገራችን ውል ስንዋዋል ቴምብር እንደምንለጥፈው፣ እዚህም መንግሥት ቤት የሚገባ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። «ጣብዕ» ይሉታል። የደብዳቤው ሳይሆን የቀረጡ ማለቴ ነው። ሊራ የወደቀ ጊዜ ከሱቅ ጠፍቶ በጥቁር ገበያ ከተጻፈበት ዋጋ ስንት እጥፍ ይሸጥ ነበር፣ እኔ ራሴ ተልኬ ስፈልግ ውዬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

መሰብሰብ የጀመርኩት አሁን ባለሁበት ቤት ነው። አሠሪዬ አሮጊት ናት፣ ቴታ ነው የምላት። ባሏ ጠበቃ ነበር፣ ሞቷል። በፈረንጆቹ 2021 ዕቃ ቤቱን አጽጂ፣ ካርቶኖቹን ጣዪ አለችኝ። ስከፍተው የድሮ ወረቀት ነው፣ ግን ቴምብሩ! አረንጓዴ፣ ቀይ፣ የዛ የአገራቸው ዛፍ ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት፣ በእስክሪብቶ የተሰረዘ። «ልውሰደው?» ስላት «ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል» ብላ ሳቀች። ከዛ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ጥግ ጥጉን በመቀስ እየቆረጥኩ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ እያላቀቅኩ፣ ፎጣ ላይ እያደረቅኩ፣ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አስተኛዋለሁ። የቀረውን ወረቀት ጣልኩት። አራት ካርቶን ሙሉ። ይህንን ያዙልኝ።

አንድ ወረቀት ብቻ አልቆረጥኩም። እሱ የቴታ አይደለም፣ የራሴ የመጀመሪያ ኮንትራት ነው። በ2018 ስመጣ ካቲብ አድል ዘንድ ወስደው እዚህ ጋ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። የዛን ጊዜ ከዐረብኛው «ያላ» ብቻ ነበር የማውቀው። ያቺ ማዳም ከወደቡ ፍንዳታ በኋላ አገር ጥላ ስትሄድ ፓስፖርቴንና ወረቀቴን በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። ባለ 1000 ሊራ ቴምብሮች አሉበት። መቀሱን ስንት ጊዜ አንስቼበታለሁ መሰላችሁ፣ ግን ስሜ ያለበት ስለሆነ እጄ እምቢ አለኝ።

እናላችሁ፣ በቀደም እሁድ ሐምራ አንድ አዳራሽ ውስጥ የቴምብር ኤግዚቢሽን አለ ሲባል ሰማሁ። ጓደኛዬን ነይ ስላት «እሁዳችንን ለወረቀት?» ብላ ጥላኝ ሄደች። ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ሰውዬ «ማዳምሽ የታለች?» አለኝ። «የለችም፣ እኔ ነኝ የመጣሁት» አልኩት። አልበሜን ሳሳየው አሳለፈኝ።

ውስጡ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ነው፣ ሽማግሌዎች አጉሊ መነጽርና ወረንጦ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ ጋ አፄ ምኒልክን አገኘኋቸው! ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኛ ቴምብሮች። ቤሩት ላይ እሳቸውን ሳይ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ግን እነሱ የፖስታ ናቸው። የቀረጥ የሚሸጠው ከመጨረሻው ጥግ አንድ ሰውዬ ብቻ ነበር፣ ሰውም አልነበረውም። ብዙ ሰብሳቢ የቀረጡን ይንቀዋል አለኝ። እሱ ግን ኩሩ ነው፣ «የኛ ታላቅ ነው» ይላል። እንግሊዝ አገር የቴምብር ቀረጥ የተጀመረው በ1694 ሲሆን የፖስታ ቴምብር የወጣው በ1840 ነው። ሊባኖስም በ1945 ለጦሩ ገንዘብ ለመሰብሰብ የቀረጥ ቴምብር ላይ አትማበት ደብዳቤ ላይ አስለጥፋለች። ይህን ሁሉ ቆሜ አዳመጥኩ። ወንበር ሰጠኝ።

አልበሜን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ወረቀቱስ?» አለኝ። «ጣልኩት» ስለው ራሱን ያዘ። የቀረጥ ቴምብር ከነሰነዱ ነው ዋጋ ያለው፣ ምን እንደተከፈለበት የሚናገረው ሰነዱ ነው አለኝ። አራት ካርቶን ትዝ አለኝና መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አፍሬ «አንድ ሙሉ አለኝ» ብዬ ኮንትራቱን ከላስቲኩ አወጣሁ።

ቴምብሩን አይቶ ደስ አለው። ከዛ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። ስሜን አነበበ፣ የፓስፖርት ቁጥሬን አነበበ፣ «በወር 200 ዶላር» አለ።

«አሞ፣ እንደገና አንብበው» አልኩት።

200 ነው። እኔ ሁለት ዓመት የተከፈለኝ 150 ነው። በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍትም ይላል። ከዛ ቤት እሁድ ቀርቶ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ልጽፈው እስክሪብቶ ሳወጣ «አይ! እሱ ላይ አትጻፊ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ሁለታችንም ሳቅን። በስልኬ አሰብኩት። ሃምሳ በሃያ አራት፣ 1200 ዶላር። ስንት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ሳይ ቴምብሩን ብቻ ነበር የማየው።

ሰውዬው ትንሽ ዝም አለና «25 ዶላር ልስጥሽ?» አለኝ። አልተቀየምኩትም፣ ሰብሳቢ ሰብሳቢ ነው፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። አልሸጥም አልኩት። ይልቅ እህቴ የላከችልኝን ያልተለጠፈ የ5 ብር የቀረጥ ቴምብር ሰጠሁትና የቱርክ ጊዜ የሒጃዝ ባቡር ቴምብር ለወጠልኝ። በ1908 ከደማስቆ መዲና ለገባው ባቡር ከሰው ገንዘብ የተሰበሰበበት ነው። ቆንጆ ነው፣ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አደርግላችኋለሁ።

ማታ ቴታ «ምን ገዛሽ?» ስትለኝ ኮንትራቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። በማግስቱ የባሏን ጓደኛ፣ እሱም ጠበቃ ነው፣ ደውላ ጠራችው። ማዳሟ ያለችው ካናዳ ነው ይባላል፣ ገንዘቡ ይገኛል ብሎ ቃል አልገባልኝም። ቅጂውን ስጪኝ አለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት አብሬው ሄድኩና ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ቴምብሩ እንዳይነሳብኝ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ።