ተጫውቼ የፈረድኩላቸው፣ የፈረድኩባቸው

ጌም ሊገዛ ያሰበ ሰው «እንዴት ነው፣ ይገዛል?» ሲለኝ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ቤትህ ያለው ማሽን የትኛው ነው? ብቻህን ነው የምትጫወተው ወይስ ከጓደኛ ጋር? ኢንተርኔትህስ? ሰው በዚህ ይሰለቻል፤ የሚፈልገው «ከአስር ስንት ትሰጠዋለህ» የሚለውን ብቻ ነው። ከፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ጀምሮ ስጫወት፣ ቆይቶም ስለ ጌሞች አጫጭር ግምገማ ስጽፍ ያየሁት ግን ቁጥር ብቻውን ብዙም እንደማይናገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ሁሉ የቀረልኝ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደመጣልኝ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በምን ላይ እንደተጫወተው ጠይቁ

ሳይበርፐንክ 2077 ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሊወጣ ሲል፣ አዘጋጁ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ ለገምጋሚዎች አስቀድሞ ያደለው የፒሲውን ቅጂ ብቻ ነበር። ራሳቸው የቀረጹትን ምስል በመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች ላይ እንዲያሳዩም አልፈቀደላቸውም። ስለዚህ ጌሙ ገበያ ሳይደርስ የተነበበው ምስጋና ሁሉ ጉልበተኛ ኮምፒውተር ላይ ተጫውተው የጻፉት ነበር። የፕሌይስቴሽን 4 እና የኤክስቦክስ ዋን ባለቤቶች ዲስኩን ሲከቱ ያገኙት ሌላ ነው፦ የደበዘዘ ምስል፣ ሰው የሳሳበት መንገድ፣ በየመሃሉ ራሱን የሚዘጋ ጌም። ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ከመደብሩ አወረደው፣ ለገዢዎችም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

የየቦታውን ግምገማ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ላይ ይኸው ጌም በፒሲ ከ80 በላይ፣ በፕሌይስቴሽን 4 ከ60 በታች ይዟል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ከማውቃቸው ተጫዋቾች በአብዛኞቹ እጅ ያለው ማሽን ደግሞ ከወጣ የቆየ፣ ሌላ ሰው ተገልግሎበት የሸጠው ነው። እንዲህ ላለው ሰው በአዲሱ ማሽን ላይ ተጫውቶ «ድንቅ ነው» ያለ ገምጋሚ ምንም አልነገረውም። ማሽኑን የማይጠቅስ ግምገማ አላነብም፤ እኔም ስጽፍ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጠዋለሁ።

የጌም ቤት ልጆች ሐሰት አያውቁም

ጌም መመዘን የተማርኩት ሰፈራችን ውስጥ ከነበረ ጌም ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ስፖንጁ የወጣ አግዳሚ፣ ጥጉ ላይ ሂሳብ የሚቀበል ልጅ። ሕጉ «ተሸናፊ ይነሳል» ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ተሸናፊ ይከፍላል»። ጆይስቲክ ከያዙት ሁለቱ ይልቅ ከኋላ ቆመው ተራ የሚጠብቁት ይበዛሉ፤ ጌሙን የሚያነግሡትም ሆነ የሚጥሉት እነሱ ናቸው። ተራ ጠባቂ ያልጮኸበት ጌም ሳምንት አይከርምም።

በዚያ ቤት የነገሠው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ነበር፤ በ2006 የወጣው። በወረቀት ላይ ካየነው ጉድለቱ ብዙ ነው። ሠሪው ኮናሚ የአብዛኞቹ የእንግሊዝ ክለቦች የስም ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነበሩ። የጀርመን ሊግ ጭራሹን የለም። የፊፋ ጌም በዚያው ዓመት ስሙም ማልያውም ሙሉ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ዲስኩ አቧራ ነው የጠጣው።

ምክንያቱ ኳሷ ነች። በኮናሚው ጌም ኳስ ክብደት አላት፤ ተጫዋቹ ፊቱን ሳያዞር ያቀበላት እንደሆነ ትደክማለች፣ አቅጣጫ ትስታለች። የመምቻውን ቁልፍ ትንሽ አብዝቶ የያዘ ሰው ከጎሉ በላይ ይሰዳታል። ስለዚህ ጣቱ የፈጠነ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ረጋ ብሎ ቦታ የሚፈልገው ልጅ ያሸንፈዋል፣ ተራ ጠባቂውም «አየህ!» ይላል። ችግሩ አድሪያኖ ነበር። የኢንተሩ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሠላሳ ሜትር ሲመታ በረኛ ምንም አያደርግም። ጌም ሠሪው ያላስተካከለውን ሰፈሩ ራሱ አስተካከለው፦ ኢንተርን መምረጥ ክልክል ሆነ። አንድን ጌም ሰዎች የራሳቸውን ሕግ እስኪያወጡለት ድረስ ከተጫወቱት፣ ለእኔ ከማንኛውም ነጥብ በላይ ነው።

ቴክን 5 ሁለተኛው ነበር። ዲስኩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቴክኖች የአርኬድ ቅጂም ስላለ በአንድ ዋጋ አራት ጌም ማለት ነው፤ ባለቤቱ ይህን ከእኛ በፊት ነበር ያወቀው።

ጌም ቤት የማይዳኘው ነገርም አለ። በሰዓት የሚከፈልበት ቦታ ታሪክ ያለው፣ ብቻ የሚጫወቱት ጌም አይሆንም። ሜሞሪ ካርዱም የጋራ ነው፤ ስምንት ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ፣ ዛሬ ያስቀመጥከውን ነገ ሌላው ጽፎበት የሚቆይህ። እነዚያን ጌሞች ለመመዘን ቤት መግባት ነበረብኝ።

አጭር መሆኑ ጉድለት አይደለም

ቤት ገብቼ መጀመሪያ የጨረስኩት ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ነው፤ ፉሚቶ ኡዌዳ የመራው፣ በ2005 የወጣ። አሥራ ስድስት ግዙፍ ፍጡራን አሉ፤ ከእነሱ ሌላ የምትገድለው ጠላት የለም። ሰይፍህን ወደ ፀሐይ ስታነሳ ብርሃኑ ተሰብስቦ መንገዱን ይጠቁማል፤ ካርታ ማንበብ፣ እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠይቅም። ጆይስቲኩ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፣ የፍጡሩን ፀጉር ጨብጦ ለመያዝ። እሱን እንደጫንክ የጉልበትህ ምልክት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ፍጡሩ ሲወዛወዝ የራስህም ጣት ይደነዝዛል። ጣትን ከታሪኩ ጋር እንዲህ ያሰረ ጌም ከዚያ በኋላም ብዙ አላገኘሁም። ካሜራው ግን ያበሳጫል፣ ፈረሱም ሲፈልግ ነው የሚታዘዘው። በ2018 እንደ አዲስ የተሠራውን ለፕሌይስቴሽን 4 ያገኘ ሰው አይለፈው።

ጆርኒ (2012) ደግሞ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ አንድም ቃል አይናገርም። ሁለት ሰዓት ለዚህ ገንዘብ ያንሳል የሚል ሰው ቢገጥመኝ አልከራከረውም፤ ሂሳቡን ያወጣው ከሌላ ኪስ ነው።

የሁለት ሰዓት ፍርድ

ዲሞንስ ሶልስ ገና ሲሠራ፣ በሶኒ ትልቅ ኃላፊ የነበሩት ሹሄይ ዮሺዳ ሁለት ሰዓት ያህል ሞክረውት ከመነሻው አልፈው መሄድ አልቻሉም፤ እጅግ መጥፎ ጌም ነው አሉ። በ2009 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ሶኒ ለአሜሪካ ገበያ ሳያቀርበው ቀረ፤ ዕድሉን የወሰደው ሌላ ኩባንያ፣ አትለስ ነው። የዚያ ጌም ዘሮች ናቸው እስከ ኤልደን ሪንግ ድረስ ዓለምን የያዙት። ሶኒም በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን ገበያ ሲያወጣ ይህንኑ ጌም አሳድሶ አብሮ አቀረበው።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት «ታገሡ» የሚል ምክር አይደለም፤ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የማያስደስተው ነገር ላይ የሚያቃጥልበት ምክንያት የለም። የወሰድኩት አንድ መመዘኛ ነው። ስሞት እጠይቃለሁ፦ የገደለኝ ምን እንደሆነ አይቻለሁ? ዲሞንስ ሶልስ ውስጥ ሁልጊዜ ታያለህ፤ ጋሻህን አወረድክ፣ ማዕዘኑን ሳታጣራ ዞርክ። ካሜራው ግድግዳ ውስጥ ገብቶብህ ወይም ቁልፉ ዘግይቶ ከሞትክ ግን ጌሙ ከበደ አይባልም፣ ተበላሽቶ ነው የተሠራው።

ዝግታም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 (2018) በበረዶ ውስጥ ይጀምርና ለሰዓታት አይቸኩልም። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርተር ሞርጋን መሳቢያ ሲከፍት እጁ ሲገባ፣ ቆርቆሮውን ሲያነሳ፣ ከረጢቱ ውስጥ ሲከት ሁሉንም ታያለህ። አጋዘን ከገደለ ቆዳውን ገፎ፣ ጠቅልሎ፣ ፈረሱ ጀርባ ላይ ይጭነዋል፤ ሬሳውን ሳይሸጠው ካቆየ ደግሞ ይበሰብሳል። ይህን ዝግታ ወድጄዋለሁ፣ ሰው መሆንን ያሳያል። የማልወደው ሌላውን ነው፦ ያን ሁሉ ሰፊ አገር እንደልብህ ሁን ብሎ የለቀቀህ ጌም ተልዕኮ ሲጀምር እጅህን ይዞ ይመራሃል። በራስህ ብልሃት ከኋላ ዞረህ ልግባ ካልክ «አልተሳካም» ብሎ ይመልስሃል። ዓለሙን የሠራውና ተልዕኮውን የጻፈው የተነጋገሩ አይመስሉም። ለዓለሙ ሙሉ ነጥብ፣ ለተልዕኮው ግማሽ።

84 እና 85

ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስን (2010) የሠራው ኦብሲዲያን ጉርሻ የሚያገኘው ጌሙ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካመጣ ነበር። 84 አመጣ፣ ጉርሻውም ቀረ። አንዱ ገምጋሚ የሆነ ቀን በተሻለ ስሜት ቢነሳ ኖሮ የሰው ገቢ ይቀየር ነበር ማለት ነው። በ2007 ደግሞ ገምጋሚው ጄፍ ገርስትማን ኬን ኤንድ ሊንች ለተባለው ጌም ከአስር 6 ሰጥቶ ከጌምስፖት ድረ ገጽ ተባረረ፤ የጌሙ ማስታወቂያ ያኔ ገጹን ሞልቶት ነበር። ቁጥር መጻፍ የተውኩት በእነዚህ የተነሳ ነው። «ይገዛል፣ ቅናሽ ይጠበቅ፣ ይለፍ» ብዬ ነው የምጽፈው፣ ለማንና ለምን የሚለውን አክዬ።

ሂሳቡ ከተገዛ በኋላም ይቀጥላል

የ2019ኙ ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ሞደርን ዋርፌር በአፕዴት ላይ አፕዴት እየተጫነ ከ200 ጊጋባይት በላይ ደርሷል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ፣ መሃል ላይም መብራት ለሚጠፋበት ሰው ይህ ከዋጋው ጋር መደመር ያለበት ነገር ነው። የጌሙ መተኮስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅ ላይ ደስ ይላል።

በኢኤ ኩባንያ የእግር ኳስ ጌሞች ውስጥ ያለው አልቲሜት ቲም የባሰ ነው። ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ጥቅል በእውነተኛ ገንዘብ ትገዛለህ። ቤልጅየም በ2018 ይህ ቁማር ነው ስላለች ኢኤ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር ጥቅሉ የሚገዛበትን ነጥብ መሸጡን አቆመ። ልጅ ያለው ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ግራፊክሱ አላወራም፤ የባንክ ካርድህን ከማሽኑ ላይ አንሳ ነው የምለው።

ፍርዱ ላይ ቀን ይጻፍ

ኖ ማንስ ስካይ በ2016 ሲወጣ ቃል የተገባለት ግማሹም አልነበረበትም፤ ሠሪው ሄሎ ጌምስ ግን ለዓመታት በነፃ እያደሰው ዛሬ ሌላ ጌም ሆኗል። ኢፉትቦል 2022 በሴፕቴምበር 2021 ሲለቀቅ የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፣ እኛ ያነገሥነው ጌም ወራሽ መሆኑ አሳፍሮ ነበር፤ ኮናሚም ይቅርታ ጠይቋል። በኋላ መስተካከሉ የመጀመሪያውን ቀን ፍርድ ሐሰት አያደርገውም፤ በዚያ ቀን የተጫወተው ሰው አለና። ሁለቱም ፍርዶች ከነቀናቸው ይቀመጡ።

የተገላቢጦሹም አለ። ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 በጁን 2020 በወጣ በሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ዜሮ ተሰጠው፤ ጌሙ ግን ለመጨረስ ከሃያ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሜታክሪቲክ ከዚያ በኋላ የተጠቃሚ ነጥብ ለመቀበል 36 ሰዓት መጠበቅ ጀመረ።

ለራስ ወገን ሲፈርዱ

የስልት ጌም በሆነው ሲቪላይዜሽን 6 ላይ ኢትዮጵያ በ2020 ስትጨመር መሪዋ ምኒልክ ናቸው፤ የሚናገሩትም አማርኛ ነው። ጆይስቲክ ይዞ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከቴሌቪዥን ንጉሥ በአማርኛ ሲያናግረው የማይደነግጥ አበሻ ያለ አይመስለኝም። የዚያን ምሽት ብጽፍ ኖሮ ግምገማ ሳይሆን ቀረርቶ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ቆየሁ።

በረድ ብዬ ስመዝነው አሠራሩ በእርግጥ የታሰበበት ነው። ከተማህ ኮረብታ ላይ ከሆነ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶው ያህል ሳይንስና ባህል ይጨመርለታል፤ ወታደሮችህም ኮረብታ ላይ ሲዋጉ ይበረታሉ። ከዓለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያናትን ኮረብታ ላይ ትሠራለህ፣ ዙሪያው ተራራና ኮረብታ በሆነ ቁጥር እምነቱ ይበዛል። የኦሮሞ ፈረሰኛ ሽቅብ ሲጋልብ አይዘገይም። ሰንሰለቱ ግልጽ ነው፦ ደጋውን ያዝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሥራ፣ እምነቱን ወደ ዕውቀት ለውጥ። ሜዳ ላይ የተጣለ ተጫዋች ግን ጅማሬው ይከብደዋል።

ኮንሶል ላይ ሲሆን ፊደሉ ከሶፋ ርቀት ያንሳል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 4 የሌሎቹን መሪዎች ተራ አስቦ እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። ኢትዮጵያም በተጨማሪ ክፍያ የመጣች ናት። ስልት ለሚወድ ሰው፣ ቅናሽ ጠብቆ ከነጭማሪው ይገዛል። ለአማርኛው ብቻ ብሎ ለሚገዛ አልመክርም፤ ንጉሡ የሚናገሩት ጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው።